በር፣ መሰላል፣ ሰምና ወርቅ፦ የድርሰት ቃሎቻችን ከየት መጡ?



የንባብ ክበባችን በዚህ ዓመት የያዘው ትምህርት የድርሰት ቃላት ነው። ስንኝ፣ ዘይቤ፣ ምጸት፣ ጭብጥ፣ መቼት የሚባሉትን አንድ በአንድ እያነሣን እንማራለን። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናታችን «እኔ ቡና ሻጭ ነኝ፤ ዘይቤ ማወቄ ለጀበናዬ ምን ይጨምርለታል?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ቁም ነገር ነበረው። የሚበዙት አባሎቻችን ፊደል የቆጠሩት ልጅ ካሳደጉ በኋላ ነው። ለትምህርት የሚሰጡት ሰዓት ከገበያና ከምድጃ የተቀነሰ ሰዓት ስለሆነ በከንቱ እንዲያልፍ አይፈልጉም። ስለዚህ በዚህ እትም ቃሎቹ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደተጠቀመባቸው፣ ለእኛስ ምን እንደሚሠሩ በታሪክ በኩል ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሊገርመን የሚገባው ቃሎቹ የሩቅ አገር አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ የቤትና የደጅ ቃላት ናቸው። በደንባችን ላይ «አንቀጽ 3፣ አንቀጽ 4» እያልን የምንጠራው አንቀጽ በግዕዝ በር ማለት ነው። የቋንቋ ሕግ የምንለው ሰዋስውም በግዕዝ መሰላል ነው፤ ተማሪው በእርሱ እየተወጣጣ ወደ ምሥጢሩ ይደርሳል ለማለት ነው። ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲፈታ የነገር ማረፊያ ነው፤ አራት ነጥብ ያለበት ቦታ እንግዲህ ሸክም አውርደን የምንተነፍስበት ድንጋይ ነው ማለት ነው። ሐረግ በአጥርና በዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ነው፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥም በዚሁ ስም ይጠራል። አንጓ የሸምበቆና የሸንኮራ አገዳ መጋጠሚያ ነው። ግጥም ከመግጠም የመጣ ነው፤ አናጢ በሩን ከመቃኑ እንደሚያገጥም ባለግጥምም ቃልን ከቃል ያገጥማል። ዘይቤ ደግሞ ሁለት ትንንሽ የግዕዝ ቃላት ተጣብቀው የሠሩት ነው፤ «ዘ» የ፣ «ይቤ» አለ፤ በአንድ ላይ «ያለው» ወይም «የሚለው» ይሆናል። ሰው ነገሩን እንዴት አድርጎ እንዳለው የሚያሳይ ቃል ነው ብላችሁ ያዙት።

በግጥም ውስጥ ደግሞ ቤት አለ። የሁለት ስንኝ መጨረሻ በአንድ ድምፅ ሲያርፍ ቤት መታ፣ ቤት ደፋ እንላለን። ሁለቱም በ«ለ» ካለቁ የ«ለ» ቤት ነው። ቤት ያልመታ ግጥም ጆሮን ቅር ያሰኘዋል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት እንደማያስፈልግ ሠርግ ቤት አውርደሽ ተቀባዮቹ ዝም ያሉብሽ ሁሉ ታውቂዋለሽ። ስንኞች ተሰብስበው አንድ ክፍል ሲሆኑ አርኬ ይባላሉ። በቤተ ክርስቲያን የመልክ ድርሰቶች አርኬው አምስት አምስት ስንኝ ነው፤ በዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ግን ገጣሚው እንደፈቀደ ያበዛዋል፣ ያሳንሰዋል።

ከሁሉም በላይ የታወቀው ቃል ሰምና ወርቅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንጥረኛው የወርቅ ጌጥ ሲሠራ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ውስጡ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስስበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ ወርቁም የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል። የቅኔ ሊቃውንት ይህን አይተው በላይ የሚሰማውን የቃል ፍቺ ሰም አሉት፤ ከሥር ያለውን፣ ባለቅኔው በእርግጥ ሊናገር የፈለገውን ወርቅ አሉት። አንዱ ቃል ሁለቱንም ፍቺ አዋሕዶ ሲይዝ ደግሞ ኅብር ይባላል።

ኅብርን ለመረዳት ከሩቅ ምሳሌ አያስፈልግም። ገንዘብ ያዥዋ «ብድርሽ መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላ ትጠይቃለች። ተበዳሪዋ «ገና ነው» ብላ ትመልሳለች። ገንዘብ ያዥዋ የገና በዓል መስሏት ታኅሣሥን ትጠብቃለች፤ ተበዳሪዋ ግን ገና እንዳልደረሰ ነው የተናገረችው። ይህን በክበባችን ስናገር ገንዘብ ያዣችን አልሳቁም።

ስለ ሰምና ወርቅ ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። በአገራችን ታሪክ አንጥረኛ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ የተናቁ ሰዎች ነበሩ። ቡዳ ተብለዋል፤ ርስት ተከልክለዋል፤ ጋብቻ ሸሽቷቸዋል። ሸክላ የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ያው ማኅበረሰብ ግን ከፍተኛ የሚለውን ጥበብ፣ የሊቃውንቱን ቅኔ፣ ሊሰይም ሲፈልግ ስሙን ያገኘው ከተናቀው ሰው ወናፍ አጠገብ፣ ከጭቃውና ከከሰሉ መካከል ነው። ከመካከላችን ምጣድና ጀበና ሠርታችሁ ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁ ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ እኔ አልነግራችሁም።

ቅኔ ራሱ የግዕዝ ቃል ነው፤ ከመገዛትና ከማገልገል ጋር ዝምድና አለው፤ ለፈጣሪ የሚቀርብ አገልግሎት ነውና። ትውፊቱ የቅኔን ትምህርት ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር ያያይዘዋል፤ ዮሐንስ ገብላዊንና ተዋነይን የመሰሉ ቀደምት ባለቅኔዎችንም ያነሣል። በኋላ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ አበጁ። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ይማራል፤ አገባብ ያጠናል፤ ከዚያ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው ትንሽ ቅኔ ነው፤ ስሙ የቃና ጉባኤ፣ ማለት ውኃ ወደ ወይን የተለወጠበትን የቃናን ሠርግ ያስታውሳል። ቀጥሎ ሦስት ስንኝ ያለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ያለው ዋዜማ፣ ስድስት ያለው ሥላሴ እያለ ስምንት ስንኝ ወዳለው መወድስ ይወጣል። መሰላል ያልነው በዚህ ይታያል። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ሲያዘጋጅ ቅኔ ይቆጥራል ይባላል፤ በጉባኤ መካከል ሲያሰማው ግን ቅኔ ዘረፈ ይባላል። ለምን ዝርፊያ ተባለ የሚለውን ሊቃውንቱ በተለያየ መንገድ ያስረዳሉ፤ እኔ የምወደው ግን የቃሉን ድፍረት ነው። ጥበብ ቁጭ ብሎ የሚሰጥሽን የሚጠብቁት ነገር አይደለም የሚል ይመስላል።

ይህ ሁሉ ትምህርት የወንዶች ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከአገር አገር እየዞረ፣ በየቤቱ ደጃፍ ስለ ቅዱሳን እየለመነ ነው የሚማረው፤ ሴት ልጅ ግን እንዲህ ሆና ስትዞር ማን ይለቃታል? በየደጃፉ ቁራሽ የሰጡት ሴቶች ነበሩ፤ በሩ ላይ ሆነው ሰጡ እንጂ በሩን አልፈው አልተማሩም። ከዚህ ውጭ የሆኑ ግን ነበሩ፤ ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በጎጃም የነበሩ የቅኔ መምህርት ናቸው። የዓይን ብርሃናቸውን በልጅነታቸው አጡ። ቅኔን የተማሩት የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ሲሆን፣ በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። አንድም ፊደል በዓይን ሳያዩ ግሱን፣ አገባቡን፣ ምሥጢሩን በቃላቸው ይዘው ሊቃውንት ያፈሩ ሴት ናቸው። እኔ «ዓይኔ ፈዟል፣ ዕድሜዬ አልፏል» የሚል ምክንያት በክበባችን በተነሣ ቁጥር የእርሳቸውን ስም እጠራለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ።

ሴቶች ከጉባኤው ውጭ ቆዩ ማለት ግን ጥበቡ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ስሙን አላወቁትም ነበር እንጂ ሥራውን ይሠሩት ነበር። እሹሩሩውን፣ የወፍጮውን ዜማ፣ የሠርጉን ዘፈን፣ እንጉርጉሮውን፣ ሙሾውን ማን ነው ያቆየው? በለቅሶ ቤት አልቃሿ ስታወርድ እዩአት። የሞተውን ሰው በስሙ ትጠራዋለች፤ ለምን እንደማይመልስላት ትጠይቀዋለች፤ በቅሎው ደጅ ቆማ እየጠበቀችው እንደሆነ ትነግረዋለች። በአጠገብ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማናገር በትምህርት መጽሐፍ እንቶኔ ይባላል። ቀጥላ ቤቱ አለቀሰ፣ ምሰሶው አዘነ ትላለች፤ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት ሰውኛ ነው። ሟቹ አንበሳ ነበር ስትል ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ እንደ አንበሳ ነበር ብትል አነጻጻሪ ዘይቤ ይሆናል፤ ልዩነቱ «እንደ» የምትለዋ ቃል ናት። እንባዬ ወንዝ ሞላ ካለች ግነት ነው።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። እሳቱ እምቢ ሲል «ምድጃው ዛሬ አኩርፏል» የምትል ሴት ሰውኛ ተናግራለች። ልጇ ጀበናውን ሲሰብረው «እሰይ፣ ደግ አደረግህ!» የምትለዋ ምጸት ተናግራለች፤ የቃሉና የልቧ ፍቺ ተቃራኒ ነውና። ጎረቤቷ እንድትሰማ ለድመቷ የምትናገረዋ ደግሞ አሽሙር ላይ ናት። ውጩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ የሚያም ነገር የተናገረች ሴት በውስጠ ወይራ ተናገረች ይባላል። እነዚህን ስሞች የተማርን ጊዜ ክበባችን ሲስቅ የዋለው ሁሉም ሰው የገዛ አማቱን ስላስታወሰ ነው።

ይህን ያህል ስለ ዘይቤ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ሌላው ወገን፣ ማለት ሰውን የማሳመን ጥበብ ነው፤ ምክንያቱም በእርሱ እንጀራ ይገኛል፣ በእርሱም ይታጣል።

በድሮው የአገራችን ችሎት ሙግት ራሱ የቃል ጥበብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ፊት፣ ብዙ ጊዜም በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በተጠየቅ እየተያያዙ፣ በተራ በተራ በምሳሌና በግጥም ይከራከሩ ነበር። ውርርድ ይወራረዱ ነበር፤ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፤ በደንብ የተናገረውን ያደንቃል። አንደበቱ የተባ ሰው ነገሩ ቀጭን ቢሆንም ሊረታ ይችል ነበር፤ አንደበት የሌለው ደግሞ እውነቱን ይዞ ይረታ ነበር። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ የችሎቱ ውበት ለተረታው ሰው ምኑም አልነበረም። በኋላ ሕጎች ተጽፈው፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጥቶ፣ ክርክር በወረቀት የሚቀርብ ሆነ። አንደበቱ በብዕር ተተካ፤ ያልተለወጠው ነገር ቃሉን የያዘ ሰው ብልጫ ማግኘቱ ነው።

ከችሎት ወደ ድርሰት ትምህርት የገባ አንድ ቃል አለ፤ ጭብጥ። በልቦለድ ትምህርት ጭብጥ ደራሲው በታሪኩ ሊያስጨብጠን የፈለገው ፍሬ ነገር ነው። በፍርድ ቤት ደግሞ ጭብጥ ዳኛው የሚወስንበት የክርክሩ ዋና ነጥብ ነው። ሁለቱም ከመጨበጥ የመጡ ናቸው። እፍኝሽን ጨብጠሽ ስትከፍቺው በመዳፍሽ ላይ የሚቀረው ነው። ሌላው አመዛዛኝ ድርሰት የሚባለው ነው፤ ሚዛን ከሚለው ቃል ስለመጣ ለገበያ ሴቶች ማስረዳት አላስቸገረኝም። የራስን ምክንያት በአንድ በኩል፣ የተቃዋሚውን በሌላ በኩል አስቀምጦ የቱ እንደሚከብድ ለአንባቢው ማሳየት ነው። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ የተናጋሪው ታማኝነት፣ የማስረጃው ጥንካሬ፣ የሰሚው ስሜት። የእኛን ችሎት ያየ ሰው ሦስቱንም እዚያ ያገኛቸዋል። ዋሱ ለታማኝነቱ፣ ምስክሩ ለማስረጃው፣ ግጥሙ ለስሜቱ ቆመዋል።

የአንድ ቃል ክብደት አገር እስከ መክፈል እንደሚደርስ ለማየት የውጫሌን ውል ማስታወስ ይበቃል። በ1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት ይህ ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ ቢፈልግ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻለዋል የሚል መንፈስ ነበረው። የኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምቷል የሚል ነበር። በአንዱ ፈቃድ ነው፤ በሌላው ግዴታ። ኢጣሊያ በዚህች አንቀጽ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። አንቀጽ በር ነው ብለን የለ? በዚያ በር ልትገባ ነበር። ነገሩ ከታወቀ በኋላ በተደረገው ክርክር እቴጌ ጣይቱ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተሟግተዋል። እቴጌይቱ በግዕዝና በአማርኛ የተማሩ፣ በቅኔም የሚታወቁ ሴት ነበሩ፤ የቃልን ጓዳ የምታውቅ ሴት በዚያ ክርክር ላይ መገኘቷን እኔ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ። በ«ይቻለዋል» እና በ«ተስማምቷል» መካከል የወደቀውን ሰው የዐድዋ ተራሮች ያውቁታል።

ከዐድዋ በኋላ የኅትመት ዘመን መጣ፤ አዳዲስ ቃላትም ይዞ መጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው። ከልብ የተወለደ ታሪክ ማለት ነው፤ ስያሜው በኋላ ለድርሰቱ ዓይነት በሙሉ ስም ሆኖ ቀረ። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ወጣት ሴት ናት፤ ከቤት ለመውጣትና መንገድ ለመሄድ የወንድ ልብስ መልበስ ነበረባት። የመጀመሪያው ልቦለዳችን ይህን ሳይሸሽግ መጀመሩ ያስቀናል።

ገጸ ባሕርይ ያልነው ገጽንና ባሕርይን አጋብቶ የተሠራ ቃል ነው፤ የሰውየው መልክና ጠባይ በአንድ ላይ። ሴራ በተራ አነጋገር ተንኮል ሲሆን በድርሰት ግን የታሪኩ ክስተቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ ነው። ከዘመናዊ ቃሎቻችን ሁሉ የምወደው መቼት ነው፤ መቼ እና የት ተጋጥመው የተፈጠረ ነው። ታሪኩ የሆነበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ቃላት በሥርዓት ለመማር የምትፈልጉ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» እና የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ጥሩ መነሻዎች ናቸው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በዚህ ዘመን ብዕር ካነሡት ሴቶች ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከው በኢጣሊያ ደሴት በአዚናራ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤትን መሩ፤ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ጻፉ፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተመርጠው በፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ተውኔት ያስጻፋቸውና ምክር ቤት ያስገባቸው አንድ ዓይነት ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሰው ፊት ቆሞ ነገርን አሰካክቶ መናገር።

ለብዙዎቻችን እናቶች ግን ይህ ሁሉ ሩቅ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው በየቀበሌው ከወንበር ላይ የተቀመጡት። ከዚያ ትምህርት ስም መጻፍ፣ ፊርማ መፈረም፣ ደብዳቤ ማንበብ ያገኙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ዛሬም በአባልነት መዝገባችን ላይ በአውራ ጣት ቀለም ፈንታ ፊርማ ያሉ አረጋውያን እናቶቻችን የዚያ ዘመን ፍሬ ናቸው። ማንበብ መቻል ግን አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈውን መመርመር መቻል ሌላ ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በአንዲት አባላችን ጉዳይ ላሳያችሁ፤ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጽፍም።

ይህች እህት ለ11 ዓመት በአንድ ቦታ አትክልት ስትሸጥ ቆየች፤ የየወሩ ክፍያዋን ደረሰኝ በላስቲክ አስራ አስቀምጣለች። ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው ሲባል ዣንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄደች፤ ከፈለች፤ ተጻፈላት። መልስ አላገኘችም። ወረቀቱን ወደ ክበባችን ይዛ መጣችና አብረን አነበብነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ እጅ መንሻ ነው፤ እንደ ዝናብ የሚዘንብ ሙገሳ። ከዚያ ድህነቷ፣ ልጆቿ፣ እንባዋ ይዘረዘራል። ያ ውሸት አይደለም፤ ልጆችም እንባም አሏት። ነገር ግን 11 ዓመት የሚል ቁጥር የለም፤ ደረሰኝ የሚል ቃል የለም፤ ምን እንደምትጠይቅም በግልጽ አልተጻፈም። ከመካከላችን አንዷ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እየሄደች «ጭብጡ የት ጋ ነው?» አለች። የዚያን ቀን ቃሉን ከተማርን ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር።

ጸሐፊው ክፉ ሰው ነው አልልም። የለመደውን ጻፈ፤ በስሜት ብቻ ማሳመን እንደሚበቃ ያስብ ይሆናል። እኛ ያደረግነው ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ማን እንደሆነች በሁለት መስመር፤ ከመቼ ጀምሮ የት እንደምትሸጥ፣ ማለት መቼቱን፣ በአንድ መስመር፤ የደረሰኞቹን ብዛትና ቀን በሦስት መስመር፤ የምትጠይቀውን በአንድ ዐረፍተ ነገር። ከልጆቿ አንዱን ዐረፍተ ነገር አስቀርተናል፤ ልጆችዋ የጉዳዩ አካል ናቸውና። 14 መስመር ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኞቹን ይዛ እንድትቀርብ ተጠራች። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ቀጠሮ ላይ ናት።

ለጋሾቻችን ይህን ስታነቡ አንድ ነገር እንድትረዱልን እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት ወደ እናንተ የሚደርሱ የማኅበራችን ደብዳቤዎች በሌላ ሰው የተጻፉ ነበሩ፤ እኛ የምንፈርመው ብቻ ነበር። በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ እኛ ሁልጊዜ እናለቅስ ነበር። ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ የሚደርሷችሁ ሪፖርቶች በአባላቱ የተጻፉ ናቸው። የፊደል ግድፈት ይኖርባቸዋል፤ ቁጥሩ ግን የራሳችን ቁጥር ነው፤ ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካም ታገኙበታላችሁ። ያልተሳካውን መጻፍ ታማኝነትን ይገነባል የሚለውን አርስቶትል ከማለቱ በፊት በዕቁብ የምናውቀው ነው፤ አልከፈልኩም ብላ ቀድማ የምትናገር ሴት ዕጣዋ አይነጠቅም።

ለአባላት ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለ። የመተዳደሪያ ደንባችን ከ12 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ እኛ አልጻፍነውም። ስለ ብድር በሚናገረው ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ያልከፈለች አባል «ልትሰናበት ትችላለች» ይላል፤ ከሁለት ገጽ በኋላ ስለ ዲሲፕሊን በሚናገረው ክፍል ያችው አባል «ትሰናበታለች» ይላል። አንዱ ለኮሚቴው ፈቃድ ይሰጣል፤ ሌላው ግዴታ ይጥልበታል። ባለፉት ዓመታት በየትኛው እንደሠራን ቃለ ጉባኤዎቹን እያገላበጥኩ ነው፤ በሁለቱም ሠርተናል። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ይነበባሉ። ደንቡን ያላያችሁ ከጽሕፈት ቤት ቅጂ ውሰዱ፤ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ጮክ ብሎ ያነብላችኋል፤ የትኛው ቃል እንዲጸና እንደምትፈልጉም በዚያው ቀን ታስመዘግባላችሁ።